የሽቦ ቋጠሮ ያለበት ኮርቻ

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቴን ከእህታቸው ልጅ ጋር በረታቸው ደጃፍ ላይ ተፋጠው ባላገኛቸው ኖሮ፣ ያን ቀን ቁርሴን በሰላም እበላ ነበር። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የፈረስ ግልቢያ አሠልጣኝ ናቸው፤ ልጅቷ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። አሠልጣኙ ትከሻቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ባዝራ ፈረሳቸው ነክሳቸዋለች።

“እንኳን መጣህ!” አሉኝ። “ጋሪ ነጂው ሊወስዳት እየመጣ ነው። ነካሽ አልቀልብም!”

“ጡብ ሊያስጎትታት እኮ ነው!” አለች ልጅቷ። “በዚህ ጀርባዋ አንድ ወር አትቆይም። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ጥገና ነው።”

“የኔ ጥገና? አርባ ዓመት ፈረስ ላይ ስቀመጥ አንቺ የት ነበርሽ?”

“እርስዎማ ከላይ ነበሩ። ከሥር የነበረችውን ማን ጠየቃት?”

አንባቢ ሆይ፣ ጥገናው እንዲህ ነው። የኮርቻው የውስጥ ሱፍ ተጨፍልቆ አለቀ። አሠልጣኙ ብርድ ልብስ አራት እጥፍ አድርገው ከሥሩ ደረቡ። ብርድ ልብሱ ጀርባዋን ስላወፈረው በሆዷ ሥር የሚያልፈው ጠፍር አጠረ፤ ከኮርቻው ጫፍ ሥር በሽቦ ቀጠሉት። ባዝራዋ ጠፍሩን ሲያስሩባት መንከስ ጀመረች፤ ልጓሙን አጠበቁባት። አንዱን ስሕተት በሌላው ማሰር ይሏል ይህ ነው።

“ብርድ ልብሱ ይመቻታል” አሉ አሠልጣኙ።

“ጫማ ሲጠብዎት ሦስት ካልሲ ይደርባሉ?”

“አፍሽን ያዢ! ትምህርት ቤት የላክንሽ ልትሰድቢን ነው?”

“የላካችሁኝ እንድናገር ነው! ይቅር፣ እኔን አይመኑ። ዱቄት ያምናሉ?”

ከወጥ ቤት ዱቄት አምጥታ ባዝራዋ ጀርባ ላይ በተነጠፈው ብርድ ልብስ ላይ እኩል ነሰነሰች፤ ኮርቻውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ተጫነችውና አነሳችው። ገለበጠችው። ዱቄቱ የኮርቻውን ሆድ በሙሉ ሊነካ ሲገባው፣ የያዘው በጫንቃዋ ግራና ቀኝና በሽቦው ቋጠሮ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። በእነዚያው ሦስት ቦታዎች ባዝራዋ ገጥባለች፤ ቁስሉ ቀይ ነው።

አሠልጣኙ አንዴ ኮርቻውን፣ አንዴ ቁስሉን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

“ጌታው፣ ነካሿ የት አለች?” አለ ያን ጊዜ የደረሰው ጋሪ ነጂ ገመዱን እያወዛወዘ።

“ነካሹ እኔ ነኝ! ገመድህን ይዘህ ጥፋ!”

ሰውየው ሲሮጥ፣ አሠልጣኙ ፒንሳ አምጥተው ሽቦውን በጠሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ዲግሪዬን ይዤ ዝም ያልኩት ለጨዋነት አልነበረም።

“ይህን ሽቦ ማነው ያቀበለኝ? ‘ግሩም ዘዴ ነው ጋሼ’ ያለኝስ? የተማርክ ሰው አይደለህ?”

“እርስዎ እንዳይቀየሙኝ ብዬ…”

“እኔን ስታባብል እሷ ቆሰለች!” ብለው ቋጠሮውን እግሬ ሥር ወረወሩት።

እውነት ነበር። በገዛ እጅ መጠገን ነውር የለበትም፤ ሳይፈትኑ መጠገን ነው ነውሩ። ቁስሉ እስኪድን ባዝራዋን ኮርቻ አልነካትም። አሠልጣኙ ሱፉን አውጥተው በአዲስ ሞሉት፤ ረዘም ያለ ጠፍር ለክተው ግራና ቀኙን እኩል በወስፌ በሱ፣ ዘለበት ሰፉ፤ በዱቄት ሦስት ጊዜ ፈተኑ። ልጓሙንም ፈታ አደረጉላት። ዛሬ ሲጭኗት ፀጥ ብላ ትቆማለች፤ ትከሻቸውም ድኗል፣ አዲስ ፈረስ ፍለጋም አልወጡም።

እኔን ስታይ ግን አሁንም ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች።