ችካሉ ላይ የቀረችው ኳስ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ልሰናበታችሁና ሳላጠናቅቅ የምተወውን አንድ ሥራ ላስረክባችሁ። ሥራው የካርታ እርማት አይደለም። የካርታዎቹን ርክክብ ትናንት ጨርሻለሁ። የቀረኝ የጎልፍ ውድድሩ ነው።

አስቀድሜ ግን የንድፍ ክፍሉን ጠረጴዛዎች ገጥማችሁ ይህን መሰናበቻ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬን ላቅርብ። ጸሐፊያችን ጠዋት፣ «ንግግርሽን አታርዝሚው፣ አለቅሳለሁ» አለችኝ። «ባሳጥረውስ?» ብላት፣ «ያው አለቅሳለሁ» አለች። እንግዲህ ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?

ወደዚህ ቤት ስመጣ ከትምህርት ገበታ ገና መነሣቴ ነበር። ቀያሾቻችን መስክ ለመስክ ሲንከራተቱ ይውላሉ፤ ንድፍ ሠሪዎቻችን ከመብራታቸው ሥር ቀና አይሉም፤ ሹፌሮቻችን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንድ ጣሪያ ሥር እየሠራን ሰላምታችን እንኳ ከአንገት በላይ ነበር። ውድድሩን ያሰብኩት ለዚህ ነው። ለምን ጎልፍ? መጽሐፍ ላይ ስላነበብኩት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «ሩጫ የሌለበትን የመረጠችው የእኛን ቦርጭ አይታ ነው» ያለው ንድፍ ሠሪ እዚሁ ተቀምጧል፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ቦርጩ ይናገራል።

ያልሳቁት ጋሽ ውሃልክ ብቻ ነበሩ። ዋና ቀያሻችንን፣ የተንጋደደ ነገር አይተው ሳያቃኑ አያልፉም ብለን እንዲህ እንደሰየምናቸው እናንተው ታውቃላችሁ። «አንቺ ሕጉን ጻፊ፣ እኔ ጉድጓዱን እቆፍራለሁ» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ቆፈሩም። ባንዲራ ስላልነበረን በየጉድጓዱ አጠገብ የሥራችንን ችካል ተክለው ቀይ ጨርቅ አሰሩበት።

ከዚያ የሆነው ትዝ ይላችኋል? የሜዳው አዋሳኝ ነዋሪዎች ችካሎቹን አይተው ግልብጥ ብለው ወጡ። አንዲት አዛውንት ጋሽ ውሃልክን ክንዳቸውን ይዘው፣ «መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው? ቤቴን ይነካዋል?» አሏቸው።

«መንገድ አያልፍም፣ እናቴ። ኳስ ነው የሚያልፈው።»

«በዚህ ሽበትህ ትዋሻለህ?»

ለማስረዳት የኳስ መምቻውን ዱላ ቢያሳዩአቸው ይባስ ብለው፣ «ደግሞ ልትመታኝ ነው?» አሉ። ያን ዕለት ቀያሽና ሹፌር፣ ንድፍ ሠሪና ዘበኛ አንድ ላይ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ውድድሩ ገና ሳይጀመር የፈለግሁትን አግኝቼ ነበር።

በውድድሩ ቀን ለመጨረሻው ጉድጓድ የደረሱት ጋሽ ውሃልክና ጋሽ ፍሬቻ ናቸው። ሹፌራችን ጋሽ ፍሬቻ «እንግዲህ ልነሣ ነው» ሳይሉ የማይነሡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀንም «እንግዲህ ላገባ ነው» ብለው አገቡ። ጋሽ ውሃልክ አንድ ምት ቀራቸው። ከገባች እኩል ወጥተው ዋንጫውን ይካፈላሉ፤ ከሳተች ዋንጫው የጋሽ ፍሬቻ ብቻ ነው። ኳሷ ከጉድጓዱ ብዙም አትርቅም፤ ግን ልትስትም ትችላለች።

ይሁንና መሽቶብን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ጉድጓድ የማን ኳስ ይቀርባል በሚል ክርክር የቅየሳ መሣሪያ አስመጥተን፣ ተክለን፣ ለክተን፣ «አልተስተካከለም» ተብሎ እንደገና ለክተን ፀሐይዋን አሳልፈናታል። ለጎልፍ ኳስ የቅየሳ መሣሪያ የሚተክል ከእኛ ሌላ የት ይገኛል?

«ዝም ብለህ ምታት፤ የመኪናውን መብራት አበራልሃለሁ» አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

«መብራት ጥላ አለው፤ ጥላ ያሳስታል። ነገ እመታታለሁ።»

ኳሷን አንሥተው በቦታዋ ችካል ተከሉ። ቀዩ ጨርቅ አልቆ ስለነበር የአንድ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው አሰሩበት፤ ኳሷን ለእኔ ሰጥተው ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ዝናብ ሆነ። ዝናቡ ሳያባራ እሳቸው ታመሙ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ችካሌን አልነቀሉትም አይደል?» አሉኝ።

«አልነቀሉትም፣ ጋሼ።»

«ተይው። እመጣለሁ።»

አልመጡም።

ከቀብር በኋላ ብዙ ተባለ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ ዋንጫው ለጋሽ ውሃልክ ባለቤት ይሰጥ ብለው ነበር፤ ከደግነት የመጣ ሐሳብ ነው። እኔ ግን «ያልለካሁትን አልፈርምም» ሲሉ የኖሩ ሰው ያልተመታች ኳስ እንደገባች ተቆጥራ ዋንጫ ሲወሰድላቸው እሺ ይላሉ ብዬ ላምን አልቻልኩም። ሄጄ ባለቤታቸውን ጠየቅሁ። የጋሽ ውሃልክን የአንድ ጫማ ማሰሪያ እስከ ዛሬ አልተኩትም። «ዋንጫ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» አሉኝ። «አልጋው ላይ ሆኖ ሲያስባት የነበረው ኳሷን ነው። ገባች ወይስ ሳተች? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ኳሷን እንዲመቱላቸው ጋሽ ፍሬቻን ለመንኳቸው። «ብስት ‹ለዋንጫው ሲል ሳታት› ትላላችሁ፤ ባገባ ‹አዝኖለት ነው› ትላላችሁ። አልነካትም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው የሚያስወጣውን በር እንኳ አይከፍቱትም፤ ዞረው በዋናው መንገድ ይመጣሉ።

ትናንት ብቻዬን ወጣሁ። ሜዳው በአዳዲስ ችካሎች ተሞልቷል። እንደምታውቁት ሕንጻ ሊያርፍበት ነው፤ የቀየሰውም የእኛው ቤት ነው። የጋሽ ውሃልክን ችካል ከሣሩ ውስጥ ያገኘሁት በጫማ ማሰሪያው ነው። ያቺ አዛውንት አጥራቸው ጋ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ዛሬስ? ዛሬም ኳስ ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። ዛሬ የእውነት ቅየሳ ነው።»

«ሽማግሌውስ?»

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔኮ ውሸታም ብዬዋለሁ» አሉ።

ኳሷ በእጄ ነበረች፤ ልመታት እችል ነበር። ምስክር የሌለው ልኬት ግን በዚህ ቤት ተቀባይነት የለውም፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ነገ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፋችን እሄዳለሁ። ያላችሁበት ሁሉ ሰላም ይሁን። መስክ የወጣችሁ በደህና ግቡ፤ ቢሮ የቀራችሁ ዓይናችሁ አይድከም። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አንዳችሁ ስትጎድሉ ቦታችሁን የሚያውቅ ሰው አይጥፋ።

ጋሽ ፍሬቻ፣ ይቺውልዎት ኳሷ። ይቀበሉኝ። ማንም ምንም አይልዎትም፤ ቢልም የውድድሩን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝና መልሱን ከእኔ ይጠይቅ። ለጋሽ ውሃልክ አይዘኑላቸው፤ አይራሩላቸው። ማግባት ፈልገው ይምቱ፤ ከዚያ የሆነው ይሁን። እናንተም ሁላችሁ ከአጠገባቸው ቁሙ። በቀን ይሁን፤ ጥላ በማይኖርበት ሰዓት።

ሜዳው ለሕንጻ ሠሪዎቹ የሚተላለፈው ሚያዝያ ሃያ አንድ ነው። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ ሃያ ድረስ ኳሷን መትታችሁ፣ የጫማውን ማሰሪያ ከችካሉ ፈትታችሁ ለባለቤታቸው መልሱልኝ። ስትመልሱም ገባች ወይም ሳተች ብላችሁ፣ እውነቱን ንገሯቸው።