የሁለት አያቶች ሳንቃ

(ደሴ፣ የአናጺው የይማም ሱቅ። ከነገ ወዲያ ክርስትና የሚነሳው ሕፃን የአባት እናት እማማ የሻረግ፣ ለሕፃን አልጋ ጎን ያሰቡትን አምስት ቦታ የተበሳ ኮምፔርሳቶ ታቅፈው በሩን ዘግተው ቆመዋል።)

የሻረግ፦ አይሆንም አልኩህ! የኔን ሳትጨርስ የሷን አልጋ አትነካም።

ይማም፦ እማማ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ያዘዙት ከሳምንት በፊት ነው። እርስዎ ገና አሁን መግባትዎ።

የሻረግ፦ ቀድማ ስላዘዘች አያትነቱም የሷ ብቻ ሆነ?

ይማም፦ ማን እንደዚያ አለ?

የሻረግ፦ ሁሉም! ምራቴ ለአራስነት እናቷ እልፍነሽ ቤት ከገባች ወዲህ ልጁን ያቀፍኩት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስት! እሱንም «እጅዎን ታጥበዋል?» እየተባልኩ። ከክርስትናው በኋላ እኔ ቤት ይሰነብታሉ ብሎኛል ልጄ፤ የሚተኛበት ካለ።

ይማም፦ እና ራስዎ በሱት?

የሻረግ፦ የባለቤቴ ትራፓኖ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልጋ ሥር አቧራ ከሚጠጣ ብዬ። ጎኑ ቀዳዳ ከሌለው ሕፃን አይታፈንም? እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት።

ይማም፦ እስቲ ያዙሩት። ኧረ እማማ!

የሻረግ፦ ምን «ኧረ» ትላለህ? ፊቱን እየው፣ ምን ይወጣለታል?

ይማም፦ ፊቱማ ያምራል። ጀርባውን ዳበስ ያድርጉት።

የሻረግ፦ ውይ! ወጋኝ።

ይማም፦ ሁለት ወንበር ላይ አጋድመው፣ ከሥሩ ባዶ ሆኖ፣ ተጭነው በሱት። ዋሸሁ?

የሻረግ፦ ፊቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌበት ነበር እኮ!

ይማም፦ ለፊቱ ብቻ አሰቡለት። ኮምፔርሳቶ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተለጠፈ ነው። የትራፓኖው ፑንታ በጀርባ ሲወጣ የመጨረሻዋን ሽፋን የሚደግፋት ከሌለ ገንጥሏት ይሄዳል። ከሥር ሌላ ሳንቃ ያስገባሉ፣ ሁለቱን በሞርሳ ጥርቅም ያደርጋሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይበሳሉ። ያኔ የሚቦጨቀው የታችኛው ነው።

የሻረግ፦ እና ይሄ አይድንም?

ይማም፦ አምስቱም ቀዳዳ ስንጥር በስንጥር ሆኗል። በዚህ ሰሞን ደግሞ ኮምፔርሳቶ ከገበያ ጠፍቷል፤ የቀረኝ ያ ግድግዳው ጋ የቆመው ብቻ ነው።

የሻረግ፦ እሱን ስጠኛ!

ይማም፦ የወይዘሮ እልፍነሽ ነው።

የሻረግ፦ ሁሉም የሷ! አራሷ የሷ፣ ልጁ የሷ፣ ኮምፔርሳቶው የሷ! ገንፎውን እንኳ እኔ ሳልደርስ ቀምሰው ጨረሱት።

ይማም፦ እማማ፣ ሥራ ልጀምር።

የሻረግ፦ ቆይ፣ ስማኝ። እናትህና እኔ የስንት ዓመት ጎረቤት ነን?

ይማም፦ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ።

የሻረግ፦ እንግዲያው አንዲት ነገር አድርግልኝ። የሷን ስትበሳ ከሥሩ ምንም አታስገባ።

ይማም፦ እማማ የሻረግ!

የሻረግ፦ ምን አለበት? ጨርሶ አይሰበር፤ ትንሽ ብቻ ይቦጨቅባት። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አልጋዋን ልታሳይ ስታዞረው፣ እኔ ጥጌን ይዤ አያለሁ።

ይማም፦ እሺ። ስንጥሩን ወደ ውጭ ላዙረው ወይስ ወደ ውስጥ?

የሻረግ፦ ይሄ ምን ማለት ነው?

ይማም፦ ወደ ውስጥ ካዞርኩት ሕፃኑ ጋ ነው። ወደ ውጭ ካዞርኩት ደግሞ ከፍ ሲል ጣቱን በቀዳዳው ያሾልካል፤ ልጆች ቀዳዳ ሲያዩ መች ያልፋሉ።

የሻረግ፦ ዝም በል።

ይማም፦ ቅድም እርስዎን የቱ ጋ ነበር የወጋዎት?

የሻረግ፦ ዝም በል አልኩህ! አፌን ቁርጥ ያርገው። ጣቱ እኮ ገና የክብሪት እንጨት ናት፣ አንተ ጨካኝ!

ይማም፦ እኔ ነኝ ጨካኙ?

የሻረግ፦ ተወው አሁን። ከሥሩ የምታስገባው ሳንቃ አለህ?

ይማም፦ ቁርጥራጭ ነው ያለኝ፤ ዳር ዳሩ ሳይደገፍ ይቀራል። ዳሩ ደግሞ…

የሻረግ፦ አይቅር! አንዲትም ስንጥር እንዳትቀር። የኔስ?

ይማም፦ የእርስዎማ ልኩ ነው። ቀዳዳ ከቀዳዳ እንዳይገጥም አዙሬ ባስገባው ይበቃል። ግን እማማ፣ ሲወጣ ወንፊት ሆኖ ነው፤ ለአልጋ አይሆንም።

የሻረግ፦ አሁንስ ሆነ? አስገባው። አጥብቀህ እሰረው። ሲያልቅም በእጅህ ዳብሰው፣ በዓይንህ አትመን።

ይማም፦ ልጁ ሲመጣስ የት ይተኛል?

የሻረግ፦ እቅፌ ላይ። እሱን ደግሞ ማንም አናጺ አይሠራላትም።

ይማም፦ ወይዘሮ እልፍነሽ ሊወስዱ ሲመጡ ምን ልበላቸው?

የሻረግ፦ ምንም አትበል። ብቻ «እንዴት አማረ» ካለች፣ ከሥር የነበረው የማን እንደሆነ ንገራት። ካላለችም ንገራት።