ፊት ለፊት የሚያበራው ሰደሪያ

ልብስ ሰፊዋ ነገር የጀመረችው በሙቀቱ ነው። ቀኑ እንዴት እንደከበደ፣ የስፌት መኪናዋም ዘይት ካልቀመሰች እንደ አማት እንደምትነጫነጭ እያወራች ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ተማሪዋ ክርኗ ላይ ያለውን ፋሻ እየነካካች ታዳምጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ የተማሪዋ የፕሮጀክት አጋር፣ ገና ከመርፌ የወረደውን ሰደሪያ እየለካ ነው። ሰደሪያው፣ የለበሰው ብስክሌት ነጂ ሲታጠፍ፣ ጀርባው ላይ በቀኝ ወይም በግራ ብልጭ የሚል መብራት አለው። ነገ መምህሩ ፊት ቆሞ ርዕሱን ያስረዳ ሰው የሐሳቡ ባለቤት ተብሎ ይመዘገባል። እሱም አስረጂው እኔ ነኝ ብሏል። ልጅቷ ዝም ብላለች።

ሴትዮዋ ድምጿን ለመጋረጃው እንዲበቃ አደረገችው።

“ርዕስ መምረጥ እኮ ቀላል አይደለም፣ የኔ ልጅ። አንዳንዱ ስንት ይደክማል መሰለሽ? መጀመሪያ ሮቦት አለ፣ ቀጥሎ ድሮን አለ… ከዚያ ተኛ። ሲነሳ የብስክሌት ደኅንነት። አንቺ መታጠፊያው ላይ መኪና ገፍቶሽ፣ አስፋልት ላይ ወድቀሽ ያገኘሽውን፣ እሱ ፍራሹ ላይ ሆኖ አገኘው። ይኼ ተሰጥኦ ካልሆነ ምንድን ነው?”

ከዚያ የመብራቱን ሽቦ ብየዳ ነገር አነሳች። ያን ሁሉ ሽቦ በይዶ ጣቱ ላይ አንዲት ጠባሳ እንኳ የሌለበት ሰው አይታ እንደማታውቅ በአድናቆት ተናገረች። የደኅንነት ነገር ለእሱ ያልተሰጠ ለማን ይሰጣል? ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራ አጠገብ ሳይደርስ በሰላም ያደገ ነው አለች።

መጋረጃው ተከፈተ። ልጁ ሰደሪያውን የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ ለብሶት፣ መብራቱ ደረቱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጥ ብሎ መስተዋቱ ፊት ቆመ።

አክስቱ ቀና ብላም አላየችው።

“አየሽልኝ፣ ልጄ? እኛ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲያየው ብለን ጀርባው ላይ ሰፋነው። ለካ እዚያ መስተዋት አይደርስም… ከኋላ ያለ ሰውማ ምን ያደርጋል? ድሮ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ከዝምተኛ ደጃፍ ፕሮጀክት ይቆረጣል። አንቺ ግን ዝም በይ፣ እቴ። ዝምታ ያምርብሻል… ፋሻውም።”

ተማሪዋ ተነስታ እጇን ዘረጋች። ልጁ መስተዋቱን አየ፣ እጇን አየ፣ አወለቀው። እሷም በወጉ፣ መብራቱን ወደ ጀርባ አድርጋ ለበሰችው። ትከሻው ሰፍቷት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንድም ነገር ሳትጠይቅ መርፌ ቁልፎቿን ከንፈሯ መሃል ይዛ ትከሻውን በልጅቷ ልክ ታጠብበው ጀመር። የመጨረሻዋን ስትሰካ አፏ ነፃ ወጣ፤ ድምጿም ማር ማር አለ።

“እሱንማ እግዜር ይባርከው፤ የእህቴ ማሕፀን ፍሬ አይደል? መንገዱን ሁሉ ቁልቁለት ያድርግለት፣ ፔዳል ሳይረግጥ ይድረስ። ዳገት ያጋጠመው ዕለት ደግሞ… የምትገፋው አያሳጣው።”