የቀትር ሌንስ

ግቢ ግቢ! ምን ደጅ ላይ ያስቆምሻል? ያን ክፈፍ ከወንበሩ ላይ አንሺውና ተቀመጪ… ግድግዳው ላይ አስደግፊው፣ ምንም አይሆንም። እሺ፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና? ርዕሰ መምህሩስ፣ ያቺን ግራጫ ኮት አወለቋት ወይስ እንደተለመደው ናቸው? ተመስገን። እኛም አለን። ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ እናትማለን፣ እንቆርጣለን። ሰው መቼም አራት ጉርድ ፎቶ አምጣ መባሉ አይቀር።

ወንድሜን ነው? አለ፣ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ኧረ አንረብሸውም፣ ማዳመጫ አድርጓል። ሙዚቃው ከቆመ ቆየት ብሏል፣ እሱ ግን አላወለቀውም። ሥራ ላይ ሲሆን ጸጥታ ይወዳል። ባለቤቱም ደህና ናት፣ ወሯ ገብቷል። ዛሬ ነገ እያልን ነው።

ይልቅ ያንቺን ንገሪኝ እስቲ። የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ መጽሔት ፎቶ አንቺ ልታነሺ? እሰይ! ካሜራውን አሳዪኝ… ደህና ካሜራ ነው፣ እጅም ላይ ይመቻል። ታዲያ ምን ሌንስ ልግዛለት ነው ጥያቄሽ። አየሽ፣ መጠየቅሽ ራሱ ደስ ይላል። ስንቱ አለ ሳይጠይቅ የሚያውቅ! አንዳንድ ሰው እኮ ሲፈጠር ጀምሮ አዋቂ ነው፣ ምን በወጣው ይጠይቃል? እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሳይ እቀናለሁ… ከልቤ ነው የምልሽ።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ምን ያደርግልሻል፣ አታውቂውም። ጎበዝ ነው፣ በጣም ጎበዝ። አባቱ ሁለት ሌንስ ትተውለት ሞቱ። ዙም የማያደርጉ፣ ባሉበት የሚቀሩ፤ አንዷ ሀምሳ ሚሊሜትር፣ አንዷ ሰማንያ አምስት። ሀምሳዋማ ጭብጥ አትሞላም። አሁን እስቲ አስቢው፣ ሰውየው ይቺን ይዞ ሰርግ ቢገባ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ፎቶ አንሺ ደግሞ መታየት አለበት፣ አይደለም እንዴ? እኛ ሞኞቹ ፎቶ አንሺ ሌላውን የሚያይ ሰው ይመስለን ነበር።

ካሜራ መሸጫ ሄደና ሻጩ አንድ ሌንስ አወጣለት። ምን ልበልሽ፣ የክንዴን ያህላል! ስታዞሪው ይረዝማል፣ ስትመልሺው ያጥራል፣ ቅርቡንም ሩቁንም እኔው ነኝ የሚል። ማንገቻ ሳይቀር የራሱ አለው። «ይሄ ካለህ ሌላ ሌንስ አያስፈልግህም» አለው ሻጩ። ሻጭ መቼም አይዋሽም! እኔን ግን የገረመኝ የሞከረበት ዘዴ ነው፤ ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው። በቀትር፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የባንክ ጥበቃ አነሳው። ከዚያ በካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽዬ ስክሪን አየ። የሰውየው ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል! በዚያ ፀሐይ የጠርሙስ ቂጥም ብትገጥሚበት ሳይቆጠር አይቀርም፣ ግን እኔ ምን አውቃለሁ። ይህንኑ ጢም ሳምንት ሙሉ አወራልን። አወራልን ስል… ሲያወራ ሰማሁ።

እዚያው ሀምሳዋን ለሻጩ ሰጥቶ፣ ላይዋ ላይ ገንዘብ ጨምሮ፣ ትልቁን አንግቶት መጣ። ማንንም አላማከረም። ለምንስ ያማክራል? እህት አለችው ይባላል፣ ያቺን ሌንስ ሃያ ዓመት በጨርቅ ስትጠርግ የኖረች። የጠራጊ ምክር ምን ሊረባው!

አንቺ ግን እንደሱ ተሰጥኦ ስለሌለሽ፣ አይክፋሽና፣ እንደኛ እንደ ፈሪዎቹ አድርጊ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌንስ ሊገዛ ሲመጣ ሻጮቹ ይደበቁት ነበር። ቦርሳው ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ነው የሚሄደው። ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለውን ጥግ ይመርጥና ጋዜጣውን ግድግዳው ላይ በፕላስተር ይለጥፈዋል። ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ ያቆማል። ከዚያ ሌንሷ ብርሃን የምታስገባበትን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፣ እዚያ ላይ ነው ጉዷ የሚወጣው። አንገቷ ላይ ቁጥር ተጽፎ ታያለሽ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። አንድ ነጥብ ስምንት የምትል ከሆነች ጨለማ ቤት ውስጥም አታሳፍርሽም። አምስት ነጥብ ስድስት የሚል ደግሞ ለባንክ ጥበቃ ጥሩ ነው።

ካነሳ በኋላ መሃሉን አይደለም የሚያየው። መሃሉንማ የትኛውም ሌንስ አሳምሮ ያነሳል። አባባ የሚያየው አራቱን ጥጎች ነበር። ጥግ ላይ ያለችው ደቃቅ ፊደል ከተነበበች ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ቀጥሎ ወደ አምፖሉ ዞር አድርጎ ሆዷን ያያል፣ ሻጋታ እንዳይኖርባት። ቀለበቷን ጆሮው ሥር ይዞ ያዞራል፣ አሸዋ ካለ ይሰማል። አንድ ሌንስ ለመግዛት ግማሽ ቀን! ሻጩ ያዛጋል፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እላለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ጢም መቁጠር የሚባል አቋራጭ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም። ካሜራ በየጊዜው ትቀይሪያለሽ፣ ሌንስ ግን ከመረጥሽው ይከርማል፤ ሀምሳዋ ስንት ካሜራ ሸኝታለች መሰለሽ።

ወንበሩ ነው። አሮጌ ወንበር እንዲሁ ሰው ሳይነቃነቅበትም ይጮሃል… አትዙሪ፣ ማዳመጫ አድርጓል ብዬሽ የለ?

እና ምን ልልሽ ነበር… አዎ፣ የሰውየው እናት። መምህርት ነበረች፣ እንዳንቺው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምራ ጡረታ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ሽኝት አዘጋጀላት። ሌላ ፎቶ አንሺ ይጠራ ሲባል «እኔ እያለሁ?» ብሎ ሊጣላ ደረሰ። ልጅ ማለት ይሄ ነው! ትልቁን ሌንስ አንግቶ ሲገባ ርዕሰ መምህሩ ከቴሌቪዥን የመጣ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሱለት። አዳራሹ ደግሞ ታውቂዋለሽ… ማለቴ፣ አዳራሽ ሁሉ አንድ ነው። የልጆቹ ፊልም ግድግዳው ላይ እንዲታይ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፣ መብራት ያለው መድረኩ ጥግ ላይ ብቻ። ፍላሽ አድርግ ቢሉት «ፍላሽ ድባብ ይገድላል» አለ። እውነቱን ነው፤ ድባቡ እስከ ዛሬ አለ፣ የጠፋው ሰዉ ነው። ያን ቀን ቢጫ ለብሰሽ ነበር አይደል? ፎቶው ላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ቢጫ ነገር አለ። ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ መጋረጃው ነው።

እስቲ ሳቂ፣ ያስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ያቺ ሴትዮ ደግሞ አንድ አመል ነበራት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አንዷ የፊት ጥርሷ በሌላዋ ላይ ወጣ ስለምትል ከልጅነቷ ጀምሮ ታፍርባት ነበር። ባሏ ፎቶ አንሺ፣ ልጇ ፎቶ አንሺ፣ ቤቷ በፎቶ የተሞላ፤ ሳቋ ግን አንዱም ላይ የለም። ካሜራ ባየች ቁጥር እጇ ቱር ብሎ ይወጣል። ባሏ ዕድሜ ልኩን ሲያደፍጥባት ኖሮ፣ «አመለጥሽኝ» እያለ ሞተ።

የሽኝቱ ቀን ሁለት እቅፍ አበባ አሸከሟት፣ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ከዚያ የድሮ ተማሪዋ፣ አሁን ትልቅ ሰው የሆነ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደምትቆጣ አስመስሎ አሳየ። መነጽር ዝቅ፣ ጣት ከፍ፣ «አንተ ከኋላ ያለኸው!»… አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እማዬ እጇን ልታነሳ አለች፣ አበባው ያዛት። ሁለቱም እጇ ተይዟል! እና ሳቀች። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፣ እንዲህ አድርጋ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ወደ ካሜራው ዞሬ «አሁን! አሁን!» አልኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ሰማሁ፣ አባባ ከመቃብር ቢነሳ ይሄኔ ነው ብዬ አለቀስኩ…

እንዴ፣ ምን ነካኝ? እማዬ አልኩ? እናቱ ማለቴ ነው። የሰውየው እናት። ውሃ ታቀብይኛለሽ? … አመሰግናለሁ።

አሥራ አንዱንም አየኋቸው። ፊት የሚመስል ነጭ ነገር አለ፣ ከሥሩ ቀይ ነገር አለ፣ አበባው መሆን አለበት። ያ ሁሉ ሌንስ በዚያ ጨለማ ብርሃን እስኪጠግብ ካሜራው ቶሎ አይዘጋማ! ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ እሷ ስቃ ጨረሰች። ትንሿ ስክሪን ላይ ግን ሁሉም ጥርት ያለ መስሎት ነበር። «ቀጥ አድርጌ ይዤሻለሁ እማዬ» አላት። «እስቲ ይሁን፣ አሳምረህ አውጣኝ» አለችው። በሁለተኛው ወር ሞተች። እኔ ሆዴ እስከ ዛሬ እርር ይላል… ስለ ሰው እናት እንዲህ መሆኔ፣ ጉድ እኮ ነኝ!

ለቀብሯ ፎቶ ሲፈለግ ያን ቀን ካነሳው ስድስት መቶ ፎቶ ውስጥ የሚሆን ጠፋ። በስተመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በዚያች መስታወቷ በተሰነጠቀ ስልኩ፣ በር ላይ፣ ስትገባ ያነሳት ተገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሳስተካክላት አደርኩ። ቀና በይ፣ ያቺውና፣ ከሰዓቱ አጠገብ። አየሽ? ጥበቃው ምን እንዳላት እንጃ፣ እየሳቀች ነው። እጇ አፏ ላይ ነው።

ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማረ። ችግሩ ምን እንደሆነ ደርሶበታል፤ ሌንሱ አጭር ነው! ይህን ያህል አንሶ ነው እንጂ… ስለዚህ ነገ ጠዋት ይሄዳል። ከዚያኛው የሚረዝም መጥቷል ተብሏል፣ እና የቀረችውን ሰማንያ አምስቷን ሰጥቶ ይቀይራታል። በፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጧታል። ይቺትና፣ እጅሽ ሥር ያለችው።

ፍቺያት። ፍቺያት ግዴለም፣ አትናከስም። ክዳኗን አንሺ… ወደ መስኮቱ አድርገሽ ሆዷን እዪ። ንጹሕ ናት አይደል? አንድ ነጥብ ስምንት። እስቲ ካሜራሽ ላይ ግጠሚያት፣ ቀዩዋን ነጥብ ከቀዩዋ ጋር… አዙሪ… ጠቅ! ሰማሽ? አሁን ያን ጋዜጣ ግድግዳው ላይ እለጥፍልሻለሁ፣ ጥግ ጥጉን እዪ። ምን ትያለሽ? ይነበባል አይደል?

በቃ፣ ሌንስ አትገዢም። እሷን ይዘሽ ሂጂ። መጽሔቱ እስኪያልቅ አይደለም፣ የሚሠራባት ሰው እስካለ ድረስ። አባባ ስትሠራ ነበር የሚወዳት። መምህራኑን አንሻቸው፣ በተለይ ጡረታ የቀረባቸውን። ብርሃን ካነሰ አትፍሪ፣ ክፈቻት። ሲስቁ ጠብቂያቸው። እጃቸው ባዶ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር አስይዣቸው።

ምን ወደቀ? ማዳመጫው ነው መሰለኝ… ኧረ ተይው፣ ሊመጣ ቢሆን እስካሁን ይመጣ ነበር። ሥራ ላይ ነው። ፌስታሉን ግን እዚህ ተይልኝ፣ ነገ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።

እንግዲህ ሂጂ፣ እንዳይመሽብሽ። ሰውየውንም በክፉ አላነሳሁትም፣ አንቺ ምስክር ነሽ። እንዲያውም ሁሌም እመርቀዋለሁ። ሚስቱም እንደኛዋ ደርሳለች። ፈጣሪ በሰላም ይገላግልለት፣ ሴት ልጅ ይስጠው። ልጅቷም ቁርጥ አያቷን ትምሰል፣ ያቺው ጥርስ፣ ያቺው ሳቅ። ዕድሜ ይስጣት፣ ትደግለት። አንድ ቀን ጭኑ ላይ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ አያቴ ስትስቅ እንዴት ነበረች?» ስትለው… የሚያሳያት አይጣ።

አሜን በይ እንጂ!