የወይዘሮ ትርንጎ ሻጋታ

(ረፋድ ላይ፣ ወይዘሮ ትርንጎ በከተማው ዳር አረቄ የሚያወጡበት ዳስ። የወንድማቸው ልጅ ዶክተር ይገረም ባዶ ብልቃጥ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

ይገረም፦ አንዲት ቁንጥር ብቻ፣ እትዬ! ቁንጥርም ይበዛል፣ ጥፍር የምታህል ትበቃኛለች።

ትርንጎ፦ ዶክተር ተብለህ ሻጋታ ልመና ወጣህ?

ይገረም፦ እርስዎ ደግሞ ነገር ያከራሉ።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ማንን ነው «እርስዎ» የምትለው? ከኋላዬ ሰው ቆሟል እንዴ? እስከ ፋሲካ ድረስ እኮ «አንቺ» ነበርኩ።

ይገረም፦ አክብሬዎት ነው።

ትርንጎ፦ የቸገረው ሰው ሲያከብር ያስፈራል። እኮ፣ ምን ሆንክ?

ይገረም፦ የእኔው ተበላሸብኝ። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሌላ ሻጋታ ወረሰው። ሐሙስ ደግሞ የፋብሪካ ሰዎች ይመጣሉ። በቆሎውን ስኳር ሲያደርገው በዓይናቸው ካላዩ፣ የስንት ወር ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው።

ትርንጎ፦ «የእኔው» አልክ?

ይገረም፦ ማለቴ…

ትርንጎ፦ በሬዲዮም ሰምቼሃለሁ። «ይህን ሻጋታ ያገኘሁት ከብዙ ድካም በኋላ ነው» ስትል። የትኛው ድካም ነው እሱ? ፋሲካ ዕለት ዶሮዬን ጠግበህ፣ «እጄን ልታጠብ» ብለህ ወደ ጓዳዬ የተራመድካት ናት?

ይገረም፦ አየሽኝ… አዩኝ እንዴ?

ትርንጎ፦ በመሐረብ ጠቅልለህ ኪስህ ስትከት። ቢያዩኝ ስቄ፣ ባያዩኝ ሰርቄ! እኔ እንኳ አረቄ የሰረቅክ መስሎኝ፣ ጎልማሳ ነው ብዬ አለፍኩህ።

ይገረም፦ ስርቆት አይባልም፣ እትዬ። ናሙና ነው የሚባለው።

ትርንጎ፦ እኛ ሰፈር ናሙና የወሰደ ይታሰራል።

ይገረም፦ እሺ፣ ጥፋቴ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት? እርስዎ በእጅዎ ምን እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ትርንጎ፦ ንገራታ ለመሃይሟ!

ይገረም፦ በቆሎ ውስጥ ስታርች አለ። እርሾ ደግሞ ስታርች መብላት አይችልም፣ ስኳር ይፈልጋል። ይሄ ሻጋታ ኢንዛይም የሚባል ነገር ይተፋል። ኢንዛይሙ እንደ መቀስ ነው፤ ረጅሙን ስታርች ቆራርጦ ቆራርጦ ስኳር ያደርገዋል። ከዚያ እርሾው ስኳሩን ይበላና ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ገብሱ ሲበቅል ብቅሉ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነው ስምንት ዓመት ከቤት የጠፋኸው? እኔ ገብስ በጠፋበት ዓመት ብቅል አጣሁ። የረጠበ የበቆሎ ቂጣ በኮባ ሸፍኜ ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ብገልጠው ነጭ ጥጥ ለብሷል። ልጥለው ስል ጣቴን ላስኩት፤ ጣፈጠኝ! ስኳር ማን ጨመረበት ብዬ ያን ቀን ጠየቅኩ። አንተ ያኔ ጡት አልጣልክም። ለመቀሱ ስም አወጣህለት እንጂ አንተ አልሳልከውም።

ይገረም፦ መርዘኛው ቢሆንስ ኖሮ? ሰው የሚገድል ሻጋታ አለ እኮ!

ትርንጎ፦ ያኔማ እግዜር ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አረንጓዴም ጥቁርም ጣል ካደረገበት ቂጣውን እንዳለ ለእሳት ነው። ከነጯ ብቻ፣ ከአሮጌው ቂጣ ወደ አዲሱ እየዘራሁ ሃያ ስምንት ዓመት አቆየኋት። መብራት የለኝ፣ ማቀዝቀዣ የለኝ። አንተ ከነማቀዝቀዣህ ዓመት አላደረስካትም።

ይገረም፦ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ባዶ እጄን አይስደዱኝ። አባባ ቢሰማ ያፍራል።

ትርንጎ፦ አባትህማ ማፈር ይችልበታል! ዶክተር የሆንክ ጊዜ ደግሶ፣ «አረቄ አውጪዋ እህቱ» እንዳይባል ማጀት አስቀመጠኝ። አንተስ? ከጓደኞችህ ጋር ቁጭ ብለህ «ማነሽ፣ ውሃ አምጪ» አላልከኝም?

ይገረም፦ …ጨለማ ነበር። አላወቅኩዎትም።

ትርንጎ፦ እኩለ ቀን ላይ ጨለመብህ?

ይገረም፦ እትዬ፣ ሁሉንም ልክሰው ነው የመጣሁት። ይኸው፣ ለሐሙስ እንግዶች የሚታደለው ወረቀት። ስምዎ አለበት። ላንብብልዎት፦ «ይህ ሻጋታ የተገኘው ከወይዘሮ ትርንጎ ቤት ሲሆን፣ እሳቸውም ለሃያ ስምንት ዓመት በጥንቃቄ ጠብቀው ያቆዩት ነው። ላቅ ያለ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»

ትርንጎ፦ አቤት አቤት! ሃያ ስምንቱን ዓመት አሁን ነው የነገርኩህ። ወረቀቱ ከመቼው ሰማ?

ይገረም፦ እ… ማለቴ፣ በግምት ነበር የጻፍኩት።

ትርንጎ፦ ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። አምጣው እስቲ።

ይገረም፦ ምን ያደርግልዎታል? ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ሥዕል የለውም።

ትርንጎ፦ አምጣው አልኩ። …«ሻጋታው… በተመራማሪው በዶክተር ይገረም ጥረት የተገኘ ሲሆን… የመጣበት ሥፍራ… በውል አይታወቅም።» አይታወቅም! ዶሮዬን የበላህበት ቤት አይታወቅም?

ይገረም፦ አንቺ… ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?

ትርንጎ፦ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አባትህ ሰሌዳው ሥር ሲያንኮራፋ፣ ፈተናውን ማን የሠራለት ይመስልሃል? ሳሎናችሁ የሰቀላችሁት የምስክር ወረቀት የእኔ እጅ ነው። እሱም ያኔ «በጥረቴ አገኘሁት» ነበር ያለው።

ይገረም፦ አባባ? …አባባ እንዲህ አደረገ?

ትርንጎ፦ ፍሬው አንተ ሆነህ ዛፉ ይገርምሃል?

ይገረም፦ በቃ፣ ተረታሁ። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። ከላይ፣ ከእኔ ስም በፊት አደርግሻለሁ። ማርያምን! ብቻ ስጪኝ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።

ትርንጎ፦ ሻጋታዋ ሐሙስ እዚያ ትገኛለች።

ይገረም፦ እግዜር ይስጥሽ! ብልቃጡ ይኸው።

ትርንጎ፦ ብልቃጥህን መልሰው። ከነቂጣዋ፣ ከነኮባዋ እኔው ይዣት እመጣለሁ። ለእንግዶቹም እኔው አስረዳቸዋለሁ።

ይገረም፦ እትዬ፣ እንዴት ይሆናል? ሰዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው!

ትርንጎ፦ ታዲያ አንተ ለምን ተማርክ? እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ታስተረጉማለህ።