በአራተኛ ፎቅ ሊፍት በር ላይ ስለወደቀው የቀድሞ ባሌ

የምስክር ቃል

ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረ፤ በሕንፃው ነዋሪዎች ዘንድ «መጋረጃዋ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ መጋረጃ ሰፊ፣ በመኖሪያ ቤቷ
አድራሻ፦ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ፊት ለፊት ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በግል ተበዳይ ላይ ስለደረሰ የእጅ ስብራት እና ውሻው እንዲወገድ ስለቀረበ አቤቱታ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የግል ተበዳይ የቀድሞ ባሌ ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቡችላ ይዞ መጣ። ዝርያው ትልቅ በመሆኑ ሲያድግ ጥጃ እንደሚያክል እየሳቀ ነገረኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛውን የስፌት መኪናዬና የደንበኞች ጨርቅ ሞልተውታል። የት ሊሮጥ ነው ብዬ ስጠይቀው «ውሻ አይደል እንዴ፣ ይለምዳል» አለኝ። ቡችላው ሳይለምድ እሱ ሄደ። ግቢ ያለው ቤት ካላት ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ሲወጣ ቴሌቪዥኑንና የልብስ ማጠቢያውን ወሰደ፤ ቡችላውን ግን «ብቸኝነት እንዳይሰማሽ» ብሎ ተወልኝ። ይህ ቃሉ እንዳለ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ተመዝግቧል።

ቡችላው ለደንበኛ የጨረስኩትን የሳሎን መጋረጃ ተረተረው። የበሩን ጠርዝ በላ። እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ «ክፉ አይደለም፣ ሥራ ፈትቶ ነው» አለችኝ። አጥንቱ እስኪጠና ደረጃ እንዳላስወጣው፣ በሩጫ ፈንታ አፍንጫውን እንዳሠራው መከረችኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ በሕንፃው ዙሪያ አዞረው ጀመር። ሲጎትት እቆማለሁ፤ ገመዱ ሲላላ እራመዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከመሄዴ መቆሜ ይበልጥ ነበር። የሕንፃው ዘበኛ «እትዬ፣ ማን ነው ማንን የሚያንሸራሽረው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ቤት ስንገባ የተቀቀለ ጉበት በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሶፋ ሥርና ከመጋረጃ ጥቅሎች መሀል እደብቃለሁ። እያሸተተ ፈልጎ ሲጨርስ ደክሞት ከስፌት መኪናዬ ሥር ይተኛል። የመኪናውን ፔዳል የምረግጠው በአንድ እግሬ ነው፤ ሌላው እግሬ ከውሻው አገጭ ሥር ነው የሚውለው። ዘበኛው በግዝፈቱ ምክንያት «ቁምሳጥን» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ቁምሳጥን ሊፍት ይፈራ ነበር። በሩ ላይ ይዘረጋል፤ ልሸከመው እንዳልል ክብደቱ የእኔን ሊያክል ምንም አልቀረው። ደረጃ ደግሞ ተከልክሏል። ስለዚህ የሊፍቱ ደወል በጮኸና በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉበት ወደ ውስጥ እወረውርለት ነበር። ፍርሃቱ ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ግን ደወሉን ሲሰማ እንደ ጥይት የሚገባ ሆነ። ለዚህም መላ አበጀሁለት፤ ከደወሉ በፊት «ቆይ» ሲባል ቁጭ ብሎ ዐይን ዐይኔን እንዲያይ አስተማርኩት። «ቆይ» ካልተባለ ይገባል። ይህን ዘበኛውም ጎረቤቶቼም ያውቃሉ።

እሑድ ጠዋት የግል ተበዳይ ሳይደውልልኝ መጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ውሻው ገመዱ ላልቶ ከጎኔ ሲራመድ መንገድ ላይ ከማስተማሪያ መኪናው ውስጥ ሆኖ አይቶት ኖሯል። «የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ግቢያችን ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለኝ። የት ልታሳድረው ነው ስለው ሰንሰለት መግዛቱን ነገረኝ። አልሰጥም ብልም ገመዱን ከመስቀያው አውርዶ አሰረበትና ይዞት ወጣ። ሽርጤን እንዳደረግሁ ተከተልኩት። የሊፍቱን ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ ደጋግሞ ጠመጠመ፤ ጀርባውን ለሊፍቱ ሰጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ደህና ሞግዚት ወጣሽ! ባል መያዝ ባይሆንልሽም ውሻ ማሳደግ ተሳክቶልሻል» አለኝ።

እሱ ሲናገር ከራሱ በላይ የሊፍቱ ቁጥሮች በየተራ ሲበሩ አያለሁ። አንድ ቃል ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። ውሻውም ቃሉን ጠብቆ አየኝ። ዝም አልኩ። ደወሉ ጮኸ። ውሻው ገባ፤ የግል ተበዳይም ክንዱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ በጀርባው ተከትሎት ገባ። እጁ የበሩ ብረት ላይ አረፈ፤ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ወገቡ ድረስ ውስጥ፣ እግሩ ውጭ ሆኖ ስለወደቀ በሩ እግሩ ላይ እየተዘጋ መልሶ ይከፈት ነበር። «ያዢው! በላኝ!» እያለ ይጮኽ ነበር። በዚያን ሰዓት ውሻው ጆሮውን እየላሰው ነበር። አልነከሰውም። ክንዱ ላይ የሚታየው ገመዱ የላጠው ነው፤ ሐኪም ይመልከተው። ከሽርጤ ኪስ ጉበት አውጥቼ ለውሻው ሰጠሁት፤ እንደተማረው ስለገባ ይገባዋል። ዘበኛው ጩኸቱን ሰምቶ በደረጃ ሮጦ መጣ። አምቡላንስ የጠራው እሱ ነው፤ እኔ አልጠራሁም።

መርማሪው «እህቴ፣ ድንገት ስለሆነብኝ ማስጠንቀቅ አልቻልኩም ካሉ በእርስዎ በኩል ነገሩ ያልቃል» አሉኝ። ውሻውስ ስላቸው፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የውሻው ስለሚሆን አደገኛ ተብሎ ሊወገድ እንደሚችል አልሸሸጉኝም። ስለዚህ ይህ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ድንገት አልሆነብኝም። ውሻው የተማረውን አደረገ። ያወቅሁትም ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ተጠያቂ ከተፈለገ እዚሁ አለሁ። ሲወድቅ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ እንዳለኝ ነኝ። መርማሪው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለምርመራው አያስፈልግም ብለው ሊሰርዙት ሲሉ፣ ከተሰረዘ አልፈርምም ስላልኩ እንዳለ ቀርቷል።

ቃሌ ከመፈረሜ በፊት እንዲነበብልኝ ሲደረግ የግል ተበዳይ እጁን በጄሶ ታስሮ ተራውን እየጠበቀ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ በሩ ተከፍቶ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ጠየቅሁ። ተነበበ። በመሀል ከኮሪደሩ «ውሸቷን ነው!» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ውሸት የተባለው የቱ እንደሆነ ስላልተለየ ከመጀመሪያው እንደገና እንዲነበብ ጠይቄ እንደገና ተነቧል። በሁለተኛው ንባብ ከኮሪደሩ የተሰማ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ሌላ ቀን ብጠየቅም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________