ስምንት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሰባት ምት

ወዳጆቼ፣ ከሽኝቱ በፊት አንድ አቤቱታ አለኝ። የተሸኚዋ የግጥም መምህርታችን የጋሪፋሊያ ጠረጴዛ እግሩ እንደገና ወልቋል። የእንጨት ሥራ አስተማሪ በመሆኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በእውነት ጡረታ የሚወጣው ያ ጠረጴዛ ነው።

ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣች ቀን ከግድግዳው ማዶ ድብደባ ሰማሁ። ልጅ የተቆለፈበት መስሎኝ መዶሻዬን ይዤ ገባሁ። ይቺ ቀጭን ሴትዮ ጠረጴዛውን በጣቶቿ አንጓ ትነርተዋለች።

«ምን ተሰበረ?» አልኳት።

«ምንም። የፍቅር ግጥም ልቡ ሲመታ እያዳመጥን ነው። ተቀመጥ።»

መዶሻዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ሁላችንም ጎረምሶች ሳለን በየወደድናት ልጅ መስኮት ሥር የዘፈንነውን ነበር የምትመታው፦

ና ብትዪኝም እመጣለሁ፣ ሂድ ብትዪኝ እመጣለሁ፤
ዝም ብለሽ የዘጋሽኝ ለት፣ ያንን በምን እችላለሁ።

ስምንት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሰባት ምት። «እመጣለሁ» ሁለቴ ቢባልም አንድ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ የፊተኛው ደስታ ነው፣ የኋለኛው ድፍረት። «እችላለሁ» ደግሞ ቤት ሲመታ ደፋሩን መልሶ ለማኝ ያደርገዋል። ሚስቴን ያገኘሁት በዚህ ዘፈን ነው፤ ምን ብዬ እንደለመንኳት ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ፣ መዶሻ ይዤ።

ልማዷን ታውቁታላችሁ። በሠርግ ሳህን ትመታለች። ቄሱ ዜማ ሲያዛንፉ ቅንድቧ ይነሳል፤ እሳቸውም አይተው ይደነግጣሉ። አባታችን፣ ይሳቁ እንጂ፤ ዛሬ እኮ ተገላገሉ።

ተማሪዋ የነበረው የቢላ ሠሪው ልጅ ዛካሪስ ግን አልሳቀም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነስቶ፣ «መምህርት፣ ዘፈኑን ገነጣጥለው ገደሉት» አላት። ከፍቷት፣ «እንግዲያው ሂድ» አለችው። ሄደ። ዛሬ ያለ እሱ ሊራ፣ ያለዚያ መሰንቆ፣ በዚህ ተራራ ሠርግ አይሠረግም፤ በዚህ ደጅ ሲያልፍ ግን አንገቱን አያዞርም።

ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቷን ስንሸክፍ፣ «ሲፊስ፣ እውነት ዘፈኑን ገድዬበት ይሆን?» አለችኝ። እኔ የመጻሕፍቱን ገመድ ማጥበቅ ያዝኩ።

ዛሬም ስለ እሱ መመለስ አልችልም። ስለ እኔ ግን እመልሳለሁ፤ አልገደልሽብኝም። ሣር የመሰለኝን ገልጠሽ ምንጩን አሳየሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ፣ የራኪ አረቄያችሁን አንሱ። ጋሪፋሊያ፣ ጤና ይስጥሽ፣ ወይራሽ ያፍራ፣ ጣቶችሽ አይ...

ቆይ። በሩ ተንኳኳ። ዝም በሉ እስቲ።

ሰማችሁ? ስምንት። ትንፋሽ። ሰባት።

በበሩ መስታወት የሊራ አንገት ይታየኛል። አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እከፍታለሁ። ሂድ ያልሽው መጣ።